የቶድ ሌን ሱቅ፦ በሐቀኛ ሚዛንና በእጅ በእጅ ሽያጭ የጸና ማህበር

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር በብዛት የምንነጋገረው ስለ ካፒታል፣ ስለ መጋዘንና ስለ ጭነት መኪና ነው። ይህም ተገቢ ነው። አባሉ በላቡ ያፈራው ንብረት ነውና ሊኮራበት ይገባል። ሆኖም ከመጋዘኑና ከመኪናው በፊት ምን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይገኝም።

በህብረት ሥራ ማህበራት ስልጠና ላይ ተቀምጦ “የሮችዴል ፈር ቀዳጆች” የሚለውን ስም ያልሰማ የኮሚቴ አባል ይኖራል ብዬ አልገምትም። አሰልጣኙ ስሙንና ዓመቱን ይጠቅስና ወዲያው ወደ መርሆዎቹ ያልፋል፤ ተሳታፊውም በደብተሩ ይጽፋል። ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ በየሳምንቱ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ምን እንደተከለከሉና ስለምን እንደተከለከሉ ግን አይነገርም። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ባልተነገረው በኩል ነው። (ስለ ሮችዴል በሚተርከው ክፍል የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮችዴል በሰሜን እንግሊዝ፣ ከማንችስተር አቅራቢያ የምትገኝ የሸማኔዎች ከተማ ናት። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በእጅ ይሸምን የነበረው ሰው በእንፋሎት ማሽን እየተተካ ደመወዙ ወርዶ ነበር። ሠራተኞቹ ደመወዝ እንዲጨመርላቸው አድማ ቢመቱም አልተሳካላቸውም። ከደመወዙ ማነስ ይልቅ ግን የበለጠ ያስመርር የነበረው የሱቁ ነገር ነው። ሠራተኛው ከደመወዝ እስከ ደመወዝ በዱቤ ስለሚኖር ከባለዕዳው ሱቅ ወጥቶ ሌላ ዘንድ መግዛት አይችልም። በአንዳንድ ቦታም አሠሪው ራሱ ሱቅ ከፍቶ ሠራተኛው ከእርሱ ብቻ እንዲገዛ ያስገድድ ነበር። የተያዘ ደንበኛ ደግሞ ምን ተሰጠኝ ብሎ አይከራከርም። ዱቄቱ ከጠመኔና ከሚያነጣ ኬሚካል፣ የሻይ ቅጠሉ ከሌላ ቅጠል ጋር እየተቀላቀለ ይሸጥለታል። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ ሲጨመር ላየን ለእኛ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

የሮችዴል ሰዎች ሱቅ ሲከፍቱ የመጀመሪያቸው አልነበረም። በ1833 በዚያው ቶድ ሌን በሚባለው መንገድ ላይ አንድ የህብረት ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ በ1835 ተዘጋ። የዘጋው ባላንጣ ነጋዴ ወይም መንግሥት አልነበረም፤ ለአባላቱ የሰጠው ዱቤ ነው። አባሉ ወንድም ነው፣ ተቸግሯል፣ እንዴት እንከልክለው እየተባለ የተሰጠው ዕቃ ሳይከፈል ቀረና ማህበሩ የሚገዛበት ገንዘብ አለቀ። ከዚያ ውድቀት ውስጥ ያለፉ ሰዎች በኋለኛው ማህበር ምሥረታ ላይም ነበሩበት። ስለዚህ በ1844 ሲሰባሰቡ በምን እንደሚወደቅ አስቀድመው ያውቁ ነበር።

መሥራቾቹ 28 ናቸው ይባላል። “28ቱ ሸማኔዎች” የሚለው አባባል የተለመደ ቢሆንም ሁሉም ሸማኔዎች አልነበሩም። ጫማ ሰፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ የበግ ጸጉር የሚለይ ሁሉ ነበረባቸው። የክፍፍሉን ዘዴ በማቅረብ ስሙ የሚነሳው ቻርልስ ሃዋርዝ በሥራው ድር የሚያደራ ነበር። ዕጣቸው አንድ ፓውንድ ሲሆን ይህንኑ የሚከፍሉት በሳምንት ሁለት ፔንስ እያዋጡ ነው። በዚያን ጊዜ አንድ ፓውንድ 240 ፔንስ ስለነበር በዚህ ሂሳብ አንድ ሰው ዕጣውን ለመሙላት 120 ሳምንት፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በመሆኑም መዋጮውን ወደ ሦስት ፔንስ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነ። ገንዘቡን በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይሰበስቡ ነበር። ሰብሳቢው ቀን ሲሠራ የዋለ ሠራተኛ እንደነበር ልብ ይሏል።

በዚህ መልክ የተሰበሰበው 28 ፓውንድ ነበር። ለዓመት በ10 ፓውንድ የተከራዩትን ቤት ካደሱና ዕቃ ካሟሉ በኋላ ሸቀጥ ለመግዣ የቀራቸው ከ16 ፓውንድ ብዙም አይበልጥም። ታህሳስ 21 ቀን 1844 (በእኛ አቆጣጠር በታህሳስ 1837 ዓ.ም.) ቅዳሜ ምሽት በሩን ሲከፍቱ መደርደሪያው ላይ የነበረው ጥቂት ቅቤ፣ 25 ኪሎ ያህል ስኳር፣ ሦስት ኩንታል ያህል ዱቄት፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት ሻማ ነበር። የመንደሩ ልጆች በር ላይ ተሰብስበው ሳቁባቸው። አንድ ባለሱቅም ዕቃቸውን በሙሉ በአንድ የእጅ ጋሪ ገፍቼ ልወስደው እችላለሁ ብሏል ተብሎ ይወራል። እውነቱን ለመናገር አላጋነነም።

ሱቁ መጀመሪያ የሚከፈተው በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ቅዳሜ ምሽት ብቻ ነው። የሚሸጠው ሳሙኤል አሽዎርዝ የሚባል ወጣት፣ ገንዘብ የሚቀበለው ደግሞ ዊልያም ኩፐር ነበር። ሻጭና ገንዘብ ተቀባይ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ እንበል። ሦስት ኩንታል ዱቄት ይዞ የተነሳ ሱቅ ገና ከጅምሩ ዕቃን ለአንዱ፣ ገንዘብን ለሌላው አደራ ሰጥቷል።

ደንባቸው አጭር ቢሆንም ጥብቅ ነበር። ማንኛውም የማህበሩ ኃላፊ በምንም ምክንያት በዱቤ መግዛትም ሆነ መሸጥ አይችልም። ይህን የተላለፈ 10 ሺሊንግ ይቀጣል፣ ከኃላፊነቱም ይነሳል። አሥር ሺሊንግ የአንድ ዕጣ ግማሽ ነው። ቅጣቱ የተጻፈው በአባሉ ላይ ሳይሆን በመሪው ላይ መሆኑን ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ዱቤ የሚጠይቅ ሰው ምንጊዜም አይጠፋም፤ ማህበሩን የሚጥለው እሺ የሚለው ኃላፊ ነው። “ዱቤ ነገ” የሚል ወረቀት የሚለጥፍ ባለሱቅ በአገራችንም ሞልቷል፤ ወዳጁ ሲመጣ ግን ከወረቀቱ ጀርባ ደብተር ያወጣል። የቶድ ሌን ሰዎች ደብተሩን ጨርሰው አላስቀመጡም። የሥራ አመራሩ በየሳምንቱ ሐሙስ ምሽት በሁለት ሰዓት ይሰበሰባል፤ የቀረ ስድስት ፔንስ ይቀጣል። የመዋጮውን መጠን ላስታወሰ ይህ የሦስት ሳምንት ቁጠባ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ባለመሙላቱ ስብሰባ የሚተላለፍባቸው የእኛ አንዳንድ ኮሚቴዎች ይህችን ስድስት ፔንስ ቢያስቧት ደስ ይለኛል።

ትርፉ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ወጪው ይታሰባል፣ ለካፒታሉ የተወሰነ ወለድ ይከፈላል። የተረፈው ደግሞ እያንዳንዱ አባል ከሱቁ በገዛው ልክ ይመለስለታል። ብዙ ዕጣ ያለው በዕጣው ብዛት ትርፉን አይጠቀልለውም፤ በስብሰባም ድምፁ አንድ ነው። ሴቶችም በአባልነት ይገባሉ። በ1846 ኢላይዛ ብራየርሊ በራሷ ስም አባል ስትሆን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት የራሷ ንብረት አልነበራትም። ያ ሕግ እስኪሻሻል ገና ብዙ ዓመታት ይቀሩ ነበር።

ይህ ሁሉ ቶሎ አላበለጸጋቸውም። አባላቱ በ1845 መጨረሻ 74፣ በ1846 80፣ በ1847 110፣ በ1848 ደግሞ 140 ነበሩ። በአራት ዓመት 140 ሰው! በሪፖርት ዘመን ብንሆን ኖሮ አፈጻጸሙ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ግምገማ ይጠራበት ነበር።

ሁኔታው የተለወጠው በ1849 ነው። በዚያ ዓመት የሮችዴል የቁጠባ ባንክ ወደቀ። ገንዘቡን ይጠብቅ የነበረው ኃላፊ በከተማው የተከበረ ባለፋብሪካ ነበር። ከሞተ በኋላ ሂሳቡ ሲመረመር ከ70 ሺህ ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። ድሃው ሳንቲም በሳንቲም ያስቀመጠው ጠፋ። ሕዝቡ ዙሪያውን ሲመለከት ሂሳቡን በየሩብ ዓመቱ በአባላቱ ፊት የሚያነብ፣ ዕዳ የሌለበት፣ ገንዘብ ተቀባዩና ሻጩ የተለያዩ አንድ ትንሽ ሱቅ አየ። የአባላቱ ቁጥር በአንድ ዓመት ከ140 ወደ 390፣ በ1850 ወደ 600 ደረሰ። ካፒታሉም በ1848 ከነበረበት 397 ፓውንድ በ1850 ወደ 2,289 ፓውንድ አደገ። ሰዎቹ በ1849 የተለየ ዘመቻ አላካሄዱም። ሐሙስ ሐሙስ ሲሰበሰቡ የቆዩትን ነው የቀጠሉት።

ስለ ዱቄቱም መናገር ያስፈልጋል። ማህበረተኞቹ በ1850 የራሳቸውን የእህል ወፍጮ አቋቋሙ። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹህ ዱቄት ማቅረብ ሲጀምሩ አባላቱ ራሳቸው አንገዛም አሉ፤ ጠቆረብን ነበር ምክንያታቸው። ለዓመታት የለመዱት በኬሚካል የነጣውን ነውና ንጹሁ እንደ መጥፎ ታያቸው። ወፍጮው በዚህና በአስተዳደር ጉድለት የተነሳ በመጀመሪያው ጊዜ ከስሯል። ይህኔ የሚያነጣውን ጨምረን ገበያችንን እናድን ማለት ቀላል ነበር። እነርሱ ግን የአባሉ ዓይን ንጹሁን እስኪለምድ መታገሥን መረጡ፤ ወፍጮውም ከኪሳራው ወጥቶ ትርፋማ ሆነ። እርጥብ ቡና ከደረቁ ጋር፣ ጤፍ ከአሸዋው ጋር ለማህበሩ መጋዘን የሚያስረክብ አባል ዛሬም መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ተረካቢውም ጎረቤቱን ላለማስቀየም ዓይኑን ይጨፍናል። ያ ጆንያ በኤክስፖርት ናሙና ላይ ሲገኝ ደግሞ የሚወድቀው የመላው ማህበር ቡና ነው።

ሁሉም ነገር ሠምሮላቸዋል ማለት አይደለም። በ1854 የከፈቱት የጨርቅ ፋብሪካ ከትርፉ ለሠራተኛውም እንዲካፈል ታስቦ ነበር። ትርፉ ሲታይ ዕጣ ብቻ ፈልገው የመጡ አዳዲስ ሰዎች በዙ፤ በ1862ም በድምፅ ብልጫ የሠራተኛውን ድርሻ ሰረዙት። ሱቁን ያቆመው ልማድ እዚህ አልያዘም። አዲስ ገቢዎቹ ያንን ሁለት ፔንስ አላዋጡም፣ በመንደር ልጆችም አልተሳቀባቸውም። ማህበራችን ሲያድግ የሚገቡት አዳዲስ አባላት ምን ተምረው ይገባሉ የሚለው ጥያቄ ለእኛም ክፍት ነው። ሮችዴሎች በበኩላቸው ከ1849 ጀምሮ የንባብ ክፍል ነበራቸው፤ በኋላም ከትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለትምህርት መድበዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሕጉ ከልምዱ ቀድሞ የመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ቁጥር 44፣ በ1958 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 241 ወጡ፤ የደረሱት ግን ለጥቂቱ ገበሬ ነበር። በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 138/1970 ማህበራቱን በብዛት አስፋፋ። ገበሬው ግን መሬቱንና በሬውን ይዞ በአምራች ማህበር እንዲገባ የተጫነበት፣ እህሉንም በኮታ በተወሰነ ዋጋ እንዲያስረክብ የተገደደበት ጊዜ በመሆኑ፣ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ አምራች ማህበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። በብዙ ቦታ በሬውም መሬቱም ንብረቱም ተከፋፈለ። ያን ያህል የተገነባ ነገር ያን ያህል ቶሎ የፈረሰው፣ በገዛ ፈቃዱ መዋጮ የከፈለበት ሰው ስላልነበረ ይመስለኛል። በአንጻሩ በዚያው መንደር ሕግ ያልወጣለት እቁብና እድር አልፈረሰም። እቁብተኛው ዕጣ ደርሶት ከወሰደ በኋላም በየሳምንቱ ይከፍላል፤ ዋስ ጠርቷልና፣ ሰውም ያውቀዋልና።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነትን በፈቃደኝነት ላይ መሠረተ፤ በመሠረታዊ ማህበር ለአንድ አባል አንድ ድምፅ ሰጠ፤ ማህበራት ተዋህደው ዩኒየን እንዲመሠርቱም መንገድ ከፈተ። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማህበራት ተቋቋመ፤ የሲዳማና የይርጋጨፌም ተከተሉ። በ2009 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 985 የቀደመውን ተክቷል። የሥራ አመራር ኮሚቴ፣ የቁጥጥር ኮሚቴ፣ ኦዲት፣ በተሳትፎ ልክ የሚከፈል ትርፍ፣ ሁሉም በሕጉ አለ። በቶድ ሌን ይህ ሁሉ በመጀመሪያ ልማድ ነበር። የእንግሊዝ ፓርላማ ለእንደዚህ ዓይነት ማህበራት ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣው ሱቁ ከተከፈተ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1852 ነው።

የሱቁ ሻጭ ሳሙኤል አሽዎርዝ ከ20 ዓመት በላይ በዚያው ሠርቶ በ1866 የህብረት ማህበራቱ የጅምላ ንግድ ድርጅት ዕቃ ገዥ ሆነ። በ1860 የማህበሩ አባላት 3,450፣ ካፒታሉም 37,710 ፓውንድ ደርሶ ነበር። በቶድ ሌን ያለው የኪራይ ቤት ከ1931 ጀምሮ ሙዚየም ነው። ከልዩ ልዩ አገር የሚመጡ የህብረት ሥራ ሰዎች ይጎበኙታል። ፊት ለፊት ያለችው ክፍል እንደ መጀመሪያው ምሽት ተዘጋጅታለች፤ ባንኮኒው በበርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው፣ ሚዛኑም በላዩ ተቀምጧል።