የአፋር ጎልማሳ፦ የዊልፍሬድ ቴሲጀር ፎቶግራፍ
ከ1926 ዓ.ም. ጉዞ

በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ የተወለደው ቴሲጀር በኅዳር 1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ፣ የአዋሽን ወንዝ እስከ አቤ ሐይቅ እየተከተለ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ዛሬ በኦክስፎርድ፣ በፒት ሪቨርስ ሙዚየም ይገኛሉ። በቅቤ የራሰውን ጎፈሬና በወገቡ የታጠቀውን ጊሌ የተባለ ጩቤ ልብ ብሎ ለሚመለከት፣ የጎልማሳው ግርማ ከገዛ ባሕርዩ የመነጨ መሆኑ ይገለጥለታል። ከሃያ ዓመት በላይ ቈይቶ እንደ ሃሪሰን ማርክስ ያሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች በሎንዶን ስቱዲዮ ወይዛዝርትን በመብራትና በመጋረጃ እያስጌጡ ለመጽሔት ገበያ ሲያቀርቡ፣ ውበትን የሚያሰናዳው ባለካሜራው ነበር፤ እዚህ ግን ፀጉሩን ያበጀ፣ ጊሌውንም የታጠቀ ባለመልኩ ራሱ ነው። በሙንዚንገር የተመራው የግብፅ ጦር በ1868 ዓ.ም. በተደመሰሰበት በአውሳ ምድር፣ የ23 ዓመቱ እንግሊዛዊ በሰላም ያለፈው የአገሩ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ስለ ፈቀዱለት ነው።