ከሽፋኑ በስተኋላ፤ ያገለገለ ፈጣን ሞተር ብስክሌት ስለ መግዛት

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ የምሕንድስና ሥራ ታሪክ ጽፌ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በሐሳቤ የመጣው ድልድይም ግድብም አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀርመን አገር በትምህርት ላይ ሳለሁ አንድ ወዳጄ ያገለገለ ፈጣን ሞተር ብስክሌት ሊገዛ አስቦ፣ «አንተ መሐንዲስ ነህና አይተህ ፍረድልኝ» ብሎ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ምን መመርመር እንዳለብኝ ያወቅሁት የእነዚህን መሣሪያዎች ታሪክ አስቀድሜ በማንበቤ ነው።

ሆንዳ ሲ.ቢ. 750 የተባለውን ሞተር ብስክሌት በቶኪዮ ትርኢት ያሳየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1968 ሲሆን ለገበያ የዋለው በ1969 ነው። በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች፣ 736 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘትና 67 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ በተጨማሪም በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር ተደርጎለታል። በአሜሪካ የተሸጠበት ዋጋ 1,495 ዶላር ነበር። ይሁን እንጂ ኩባንያው ራሱ ገዢ ማግኘቱን ተጠራጥሮ ነበር፤ የመጀመሪያው እቅድ በዓመት 1,500 ብቻ ለመሥራት ነበርና። ስለዚህም ለሞተሩ ቤት ውድ የሆነውን በግፊት የሚሠራ የማቅለጫ ቅርጽ ለማሠራት ገንዘብ አላወጣም። የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተሮች ገጻቸው ሻካራ ሆኖ የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰዎች «በአሸዋ የተቀረጹ» ይሏቸዋል፤ በእውነቱ ግን የተቀረጹት በብረት ቅርጽ ነው። ፈላጊው እንደ ጎርፍ በመጣ ጊዜ የዓመቱ እቅድ የወር እቅድ ሆነ፤ እርሱም አልበቃ ብሎ በወር ወደ 3,000 ከፍ አለ።

እነዚያ ሻካሮች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ውድ ናቸው። ገዢው ግን ከዋጋው ይልቅ ሰንሰለቱ የሚያልፍበትን ስፍራ ቢያስብ ይሻለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዚያን ዘመን ሰንሰለት የሞተሩን ኃይል መሸከም እያቃተው ይበጠስ ነበር። በተበጠሰም ጊዜ ከፊተኛው ጥርስ በስተኋላ ተጠቅልሎ የሞተሩን ቤት ይሰብራል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የጥርሱን መክደኛ ፈትቶ የብየዳ ምልክት ይፈልጋል።

በ1969 ሞተሩ ራቁቱን ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ሱዙኪ ጂ.ኤስ.ኤክስ.-አር. 750ን ሲያወጣ ግን የውድድር ሜዳው መሣሪያ ወደ ጎዳና ወጣ። አካሉ አሉሚኒየም፣ ጉልበቱ 100 ፈረስ ገደማ፣ ደረቅ ክብደቱ 176 ኪሎ ግራም ነበር፤ ከፊት እስከ ጎን ድረስም በፕላስቲክ ተሸፈነ። ነፋስን ለመክፈል የተሠራው ሽፋን ጉዳትንም መሸፈን ቻለ። ዋጋው ከብረት ብየዳ ያነሰ ስለሆነ አንድ የወደቀ ሞተር ብስክሌት አዲስ ልብስ ለብሶ ገበያ ሊወጣ ይችላል። (የሰው ልጅም እንዲሁ ነው የሚል ወዳጅ አለኝ፤ እኔ ግን በብረቱ ላይ እቆያለሁ።)

ወዳጄ የመረጠው የዚሁ ዘር ልጅ ነበር፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ። ሻጩ ትሑት ሰው ነበረ። እጄን ወደ ሞተሩ ባስጠጋሁ ጊዜ ግን ሙቀት ተሰማኝ፤ ከመድረሳችን በፊት አሙቆት ኖሯል። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅና የሚያወጣውን ጢስ ማየት አልቻልንም። ቀጥዬ መሪው ከልክ በላይ እንዳይዞር የሚያግዱትን ሁለት ጉጦች ተመለከትሁ። የግራው ተደፍጥጧል፤ በላዩም ትኩስ ቀለም ተቀብቷል። ከኋላው ጎማ በግራና በቀኝ ሁለት ክሮች ወጥሬ ወደ ፊተኛው ጎማ ዘረጋሁ። በሁለቱም ወገን እኩል ሊሆን የሚገባው ክፍተት በአንዱ በኩል የጣት ውፍረት ያህል ጨምሮ ተገኘ። ሹካው ወይም አካሉ ራሱ ተጣሟል ማለት ነው፤ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ያ ክፍተት ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢ መግለጽ አያሻኝም።

ወዳጄ ዋጋው ርካሽ መሆኑን፣ ቀለሙም እንደማይገኝ ደጋግሞ ነገረኝ። በመጨረሻ ገንዘቡን ከኪሱ አላወጣም፤ ነገር ግን እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ አላነጋገረኝም።