ድፎ ስኳር አያውቅም ነበር

ሰንዳፋ የስንዴና የገብስ አገር ናት። አያቴ ዱቄቱን በእርሾ አቡክታ ታሳድርና ጥቁርና ነጭ አዝሙድ ጨምራ፣ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ትደፋዋለች። ከላይም ኮባ አልብሳ፣ ቆርቆሮ ከድና ፍም ትጭንበታለች። ከላይም ከታችም እሳት ያገኘው ድፎ ስኳር ሳይነካው ቤቱን በመዓዛው ያውደዋል።

ድሮ ጣፋጩ ማር ነበር፤ እሱም ቢሆን አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። ስኳር በአገር ውስጥ በፋብሪካ መመረት የጀመረው ቀደም ሲል በኢንዶኔዥያ ሸንኮራ ያለማ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. በ1946 ዓ.ም. የወንጂን ፋብሪካ ሥራ ሲያስጀምር ነው። የሸዋና የመተሐራ ፋብሪካዎችም ተከተሉ። ቡናውን በጨው ይጠጣ የነበረው የገጠር ሰው ቀስ በቀስ ስኳር ለመደ፤ ዘመድ ጥየቃ ሲኬድም ስኳር መያዝ ወግ ሆነ።

ዛሬ እናቴን ሐኪም «ስኳር ቀንሺ» ስላላት ኬኩን ለልደት ብቻ ትተን ወደ ድፎው ተመልሰናል። ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ እናፈላለን። ዳቦም ሆድ ገብቶ ስኳር መሆኑ አይቀርምና፣ ስንዴውን ሳንፈትግ ከገብስ ጋር እናስፈጫለን፤ የእናቴን ቁራሽም አሳንሼ፣ ከሽሮ ጋር አቀርብላታለሁ።