የሠዓሊው ውሃ፤ ከቆዳ ሙጫ እስከ አክሪሊክ

የኢትዮጵያ ሥነ ሥዕል ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው የሥዕሉ መልክ፥ የተሠራበት ዘመንና ያሠራው ባለ ሥልጣን ነው። ቀለሙ በምን እንደ ተበጠበጠ፥ እንዴት እንደ ደረቀ፥ ብሩሹም በምን እንደ ታጠበ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ለትውልድ መቆየቱም ሆነ ሲጎዳ መጠገኑ በአመዛኙ የሚወሰነው ትንሽ በሚመስሉት በእነዚህ ጉዳዮች ነው።

የዋግ ደጋ ይህን ለመመርመር ያመቻል። የዋግሹሞች መናገሻ የነበረችው ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በአቅራቢያዋ ያለው፥ ከዐለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀል ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የቆዩ የግድግዳ ሥዕሎች አሉት። በበጋ ወራት የአገሩ አየር ደረቅ ነው፤ በከፍታም ላይ የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ፈጥኖ ይተናል። ስለዚህ በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ሁሉ በዚህ አገር ሠዓሊውን ያጣድፈዋል።

የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ለቀለማቸው ማጣበቂያ ከቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ይጠቀሙ ነበር። ብራና ጸሐፊዎችም ጥቀርሻን በግራር ሙጫ እየለወሱ ጥቁር ቀለም ያዘጋጁ ነበር። ሁለቱ ማጣበቂያዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ከደረቁ በኋላ እንኳ ውሃ ሲያገኙ ተመልሰው ይለሰልሳሉ። በቀንድ ውስጥ ደርቆ ያደረ ቀለም በጥቂት ውሃ ይነቃል፤ የደረቀ ብሩሽም ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ይፈታል። የቀድሞው ሠዓሊ ከአየሩ ጋር ቢሽቀዳደምም የመመለሻ መንገድ ነበረው። ይኸው ጠባይ ግን የሥዕሉም ድካም ነው፤ ጣራ ባፈሰሰ ቊጥር ሥዕሉ ታጥቦ ይወርዳል።

ውሃ የማይፈታው ቀለም የመጣው ከኬሚስትሪ ነው። ጀርመናዊው ኦቶ ሮም በአክሪሊክ ላይ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1915 ነበር። በውሃ የሚበጠበጠውን የሠዓልያን አክሪሊክ ደግሞ ሄንሪ ሌቪሰን በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1955 ሊኩቴክስ በሚል ስም አወጣው። በዚያው ዘመን፥ በ1950 ዓ.ም.፥ በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኋላም አክሪሊክ ለኢትዮጵያውያን ሠዓልያን የዘወትር መሣሪያ ሆነ።

አክሪሊክ በቱቦው ውስጥ ሳለ በውሃ ላይ የተበተኑ ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተቀራርበው ይዋሐዳሉ፤ ከተዋሐዱም በኋላ ውሃ አይፈታቸውም። በሰፊ ግድግዳ ላይ ይህ ፍጥነት ይጠቅማል፤ ጥቃቅን ሥዕል ለሚሠራ ግን ቀለሙ ገና የዓይን ብሌን ሳይነጠብ በብሩሹ ጫፍ ላይ ይደርቅበታል።

ለዚህ የተገኘው መላ ውሃውን ማቆየት ነው። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ውሃ የሚያሳልፍ ወረቀት አንጥፎ ቀለሙን በዚያ ላይ ማሳረፍ ቀላሉ ዘዴ ነው። ግላይኮልን የመሰለ ማዘግያም ጥቂት ይጨመራል፤ ሲበዛ ግን ሥዕሉ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ውሃ ብቻ ማብዛትም የቀለሙን መያያዝ ያደክማል። አሳቡ ግን አዲስ አይደለም፤ የአውሮፓ የውሃ ቀለም ሠሪዎች እርጥበት እንዲይዝላቸው ማር ይጨምሩ ነበር። ዋግም በማሩ የታወቀ አገር ነው።

ብሩሹን በሚመለከት ሕጉ ጥብቅ ነው። ቀለሙ ጠጕሩን ከእጀታው ጋር ወደሚያያዘው ቆርቆሮ እንዳይዘልቅ መጠንቀቅ፥ በሥራ መካከል ደጋግሞ ማለቅለቅ፥ በመጨረሻም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ ጫፉን በጣት አሹሎ አጋድሞ ማድረቅ ያስፈልጋል። በጫፉ አቁሞ በውሃ ውስጥ ማሳደር ጠጕሩን ያጣምመዋል። አንዴ የደረቀበትን ብሩሽ አልኮል ሊያለሰልሰው ይችላል፤ እንደ ቀድሞው ግን አያደርገውም።

የተበላሸ ብሩሽ በሌላ ይተካል። ከባዱ ጉዳይ ይኸው ቀለም በጥንታዊ ሥዕል ላይ ሲያርፍ ነው። የደበዘዘ የቅዱስ ፊት ለማደስ ተብሎ አክሪሊክ ቢቀባ፥ የላይኛው ውሃ የማይፈታው፥ የታችኛው ግን ውሃ የሚፈታው ይሆናል። የላይኛውን በአልኮልና በመሳሰለው አለስልሶ ለማንሣት መፈግፈግ ያስፈልጋል፤ መፈግፈጉም ከሥሩ ያለውን ስስ ቀለም ይዞ ሊነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር የጎደለውን የሚተካ ሥራ ከዋናው ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። በቀድሞው ፊት ላይ የተቀባ አዲስ ፊት ግን የሚተካው የጎደለውን ሳይሆን ያለውን ነው።

አክሪሊክ በራሱ ሸራ ላይ ጥሩ አገልጋይ ነው። ቀለሙን የሚያዘገይና ብሩሹን በጊዜ የሚያጥብ ሠዓሊ የማይመለሰውን ከሚመለሰው መለየት ተምሯል። በዋግም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል በቆዩ ግድግዳዎች ፊት ብሩሽ ይዞ የሚቆም ባለሙያ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይህንኑ ዕውቀት ነው።