ቶሎ ቶሎ ቤት

ስሙ የመጣው ከአውቶቡስ ነው። ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሃዋይ በሄደ ጊዜ፣ በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ለመሻገር «ዊኪ ዊኪ»ን እንዲሳፈር ነገሩት። ግራ ገባው። «ዊኪ» በሃዋዮች ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው፤ ሲደጋግሙት ደግሞ የእኛ «ቶሎ ቶሎ» እንደ ማለት ይሆናል። በኋላ በ1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ) ማንም አንባቢ እዚያው ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል ድረ ገጽ ሲሠራ «ፈጣን ድር» ሊለው አስቦ ነበር። አውቶቡሱ ትዝ አለውና «ዊኪ ዊኪ ዌብ» አለው።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ወዲያው የሚመጣበት ተረት አለ፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ»። እኔም የዊኪን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ማንም ዘው ብሎ የሚጽፍበት፣ ማንም የሚሰርዝበት ቤት እንዴት ቆመ? እንዴትስ 30 ዓመት አለፈው?

ከኒንግሃም ለዓለም ሁሉ አስቦ የሠራው ነገር አልነበረም። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች በየቤታቸው ያገኙትን ብልሃት እርስ በርስ እንዲያካፍሉ ነው የፈለገው። አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ሰው እየጻፈ ሳለ ገና ያልተጻፈ ገጽ ስም ከጠቀሰ፣ ከስሙ አጠገብ የጥያቄ ምልክት ይታያል። የሚያውቅ ሰው ምልክቷን ነክቶ ገጹን ይጽፈዋል። በቃ። እኔ ትልቁ ፈጠራ ይህች ምልክት ትመስለኛለች። ያላለቀ ሥራ አደባባይ ማውጣት ነውር መሆኑ ቀርቶ ግብዣ ሆነ።

ይህ ለመሥሪያ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የእኛን ቢሮዎች ማየት ይበቃል። አምስት ሰው አንድ ሪፖርት ያዘጋጃል። ፋይሉ በኢሜይል ይዞራል። አንዱ «የመጨረሻ» ብሎ ይልካል፤ ሌላው «የመጨረሻ 2»፤ ሦስተኛው «እውነተኛው የመጨረሻ» ይላል። አለቃው ዘንድ የሚደርሰው ግን የመጀመሪያው ነው! ዊኪ ይህን ጣጣ የፈታው ወረቀቱን ከማዞር ይልቅ ሰዎቹን ወደ አንድ ወረቀት በማምጣት ነው። ኩባንያዎችም ቆይተው ገባቸው። በ2004 የአውስትራሊያው አትላሲያን ኮንፍሉወንስ የሚባለውን የቢሮ ዊኪ ለገበያ አቀረበ። በ2006 ደግሞ ምስጢር በመደበቅ የሚታወቁት የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ሳይቀሩ ኢንተሊፒዲያ የተባለ የራሳቸው ዊኪ እንዳላቸው ይፋ አደረጉ። በዚያ ቤት ግን ስም ሳይታወቅ መጻፍ ብሎ ነገር የለም።

ትልቁ ፈተና የመጣው ሰዎቹ በማይተዋወቁበት ቦታ ነው። በ2000 ጂሚ ዌልስና ዋና አዘጋጁ ላሪ ሳንገር ኑፒዲያ የሚባል ነጻ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ጀመሩ። ጸሐፊዎቹ ምሁራን ናቸው፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሰባት ደረጃ አልፎ ነው የሚታተመው። ሰንበሌጥ የለበትም፤ ግድግዳው ድንጋይ ነው። ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት ያለቁት ጽሑፎች ከ20 ብዙም አልዘለሉም። ለዚህ ቀርፋፋ ቤት ረቂቅ የሚያቀብል ጓዳ ይሁን ተብሎ ጥር 15 ቀን 2001 በዊኪ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያ ተከፈተ። ዓመቱ ሳያልቅ ጓዳው ውስጥ 20 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ተከማቸ። በ2003 ዋናው ቤት ተዘጋ፤ ጓዳው ቤት ሆነ።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት «ሰው ሲታመን ጥሩ ይሆናል» የሚል ነው። ደስ ይላል፤ ግን እኔ አላምንበትም። ክፉ ሰው ዊኪ ውስጥም ክፉ ነው። የተለወጠው የጥፋቱ ዋጋ ነው። በቀድሞው ዓለም ስህተት ከታተመ ታተመ። ዊኪ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቅርብ ጊዜ ለውጦችን በዝርዝር የሚያሳይ ገጽ ነው፤ ማን ምን እንደነካ ሁሉም ያያል። ሁለተኛው፣ በኋላ የመጡት ሶፍትዌሮች በሙሉነት የያዙት፣ የገጹን የቀድሞ መልኮች ሁሉ የሚያስቀምጥ መዝገብ ነው። አጥፊው አንድ ሰዓት ደክሞ ያበላሸውን ጠጋኙ በአንድ ጠቅታ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲሆን ሰንበሌጡም ይቆማል፤ ግን ጠጋኙ እቤት ካለ ነው!

ከሌለስ? ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም የ2005 ናቸው። በሰኔ ሎስ አንጀለስ ታይምስ ስለ ኢራቅ ጦርነት የጻፈውን ርእሰ አንቀጽ አንባቢ እንደ ዊኪ እንዲያርመው ከፈተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጸያፍ ፎቶግራፎች ጎረፉና ጋዜጣው በሩን ዘጋ። ሶፍትዌሩ ነበረ፤ ሌት ተቀን የሚጠብቅ ማኅበረሰብ ግን አልነበረም። ሁለተኛው የከፋ ነው። አንድ ሰው ለቀልድ ብሎ በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ፣ አንጋፋው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲዎች ግድያ ተጠርጥሮ ነበር ብሎ ጻፈ። ሰውየው ደግሞ የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበረ ነው። ያ ውሸት ከአራት ወር በላይ ማንም ሳያየው ተቀመጠ። ሲገንታለር በዓመቱ መጨረሻ በዩኤስኤ ቱዴይ ምሬቱን ሲጽፍ ነው ዓለም የደነገጠው። በታኅሣሥ ዊኪፒዲያ ያልተመዘገበ ሰው በእንግሊዝኛው ክፍል አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ። ማንም ሊያርመው የሚችል ገጽ ማንም ካላየው ማንም አያርመውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። የመጀመሪያዎቹ ዊኪዎች ገጽን ከገጽ የሚያያይዙት ሁለት ቃላትን አጣብቆ የየቃሉን መነሻ በትልቅ ፊደል በመጻፍ ነበር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በዚያ ብልሃት አማርኛ በር ላይ ይቀር ነበር። በ2001 ቃሉን በድርብ ቅንፍ ማጠር ሲመጣ በሩ ተከፈተልን። ፊደላችንም ቀደም ብሎ በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ስለዚህ ሰበብ የለንም። የአማርኛ ዊኪፒዲያ ያሉት ጽሑፎች 15 ሺህ አካባቢ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። እኔን የሚያሳስበኝ የቁጥሩ ማነስ ብቻ አይደለም። ጸሐፊ ያነሰበት ቤት ጠባቂም ያንስበታል። ስለ አንድ ጦርነት ወይም ስለ አንድ ሕዝብ የተጻፈ ውሸት በእንግሊዝኛው አራት ወር ከቆየ፣ በእኛው ስንት ይቆይ ይሆን?

«እኛ እኮ ደቦ እናውቃለን» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ግን የደቦ እርሻ ባለቤት አለው። ሰው የሚጠራው፣ ጠላ የሚያስጠምቀው፣ ሥራው ሲያልቅ የሚመርቀው እሱ ነው። ዊኪ ጠሪ የለውም። ጠሪም ተጠሪም ያው አላፊ አግዳሚው ነው። ይህን ዓይነት ሥራ አለመልመዳችንን ማመን ይሻላል።

የከኒንግሃም የመጀመሪያ ዊኪስ የት ደረሰ? በ2014 መጨረሻ አጥፊዎች ዘመቱበት፤ ከዚያ ወዲህ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አልሆነም። ፈጣሪው በሕይወት እያለ፣ ሐሳቡ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ የመጀመሪያው ቤት ተቆለፈ። ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደው ነበርና የሚጠግን እጅ አልተረፈም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የተወለዳችሁበትን ከተማ ገጽ በአማርኛ ፈልጉት። ስህተት ካለበት አርሙት፤ ከሌለም ጀምሩት፤ ሁለት መስመር ይበቃል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ተመልሳችሁ ሄዳችሁ እዩት።