ከምርት ገበያ ወደ ቀጥታ ትስስር፦ የጅማ አካባቢ ቡና አቅራቢዎች ከመሸጋገራቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከመውጣቱ በፊት፣ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በአካባቢው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው የግል አቅራቢ ቡናውን ለላኪ የሚያደርስበት ሕጋዊ መንገድ በመሠረቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የተፈቀደላቸው የኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ሰፋፊ እርሻዎች ነበሩ። አዋጁ አቅራቢው ከላኪ ጋር ውል ገብቶ ቡናውን ያለ ምርት ገበያ የሚያስረክብበትን የቀጥታ ትስስር ግብይት ፈቅዷል።

ለውጡ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ቡና ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በምርት ገበያ ሲገበያይ፣ በጅማ መጋዘን ናሙናው ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠውና ተመሳሳይ ዓይነትና ደረጃ ካለው ቡና ጋር ይከማች ነበር። የጎማ፣ የማናና የሊሙ ኮሳ የታጠበ ቡና «ሊሙ» በሚል አንድ ስም ይሸጥ ነበር። እሸቱን በጥንቃቄ ለቅሞ ያጠበ ጣቢያ ስሙ ገዢው ዘንድ አይደርስም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕግ ደግሞ ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ እንዲታወቅና ማሳው ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ከተመነጠረ ደን የተገኘ አለመሆኑ እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቅ፣ ተቀላቅሎ የተከማቸ ቡና ይህን ለማሟላት ይቸገራል።

ይሁን እንጂ አቅራቢው የሚተወው ነገር ቀላል አይደለም። በምርት ገበያ የሸጠ ሰው ገዢው ማን እንደሆነ ባያውቅም ገንዘቡ በማግስቱ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል፤ የክፍያውን መፈጸም የሚያረጋግጠው ራሱ ምርት ገበያው ነው። በቀጥታ ትስስር ይህ ዋስትና የለም። ላኪው የውጭ ገዢው እስኪከፍለው ድረስ ክፍያ ቢያዘገይ፣ አቅራቢው እሸት በዱቤ ያስረከቡትን አርሶ አደሮች የሚከፍልበት ያጣል። ጉዳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በአርሶ አደሩ ላይ ነው። ስለዚህ የክፍያው ቀን፣ በርክክብ ጊዜ የሚከፈለው መጠንና ክፍያው ቢዘገይ የሚከተለው ቅጣት በውሉ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል። ዋጋው በኒውዮርክ ገበያ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰን ከሆነ፣ የየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚያዝ ካልተጻፈ ክርክር መፈጠሩ አይቀርም።

ውሉ በኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። የቃል ስምምነት፣ በዘመድ ወይም በቆየ ደንበኝነት መካከል የተደረገ ቢሆንም፣ ምዝገባውን አይተካም። በምርት ገበያ መጋዘን አስቀድሞ የገባ ቡና ካለ በመጋዘን ደረሰኙ መሠረት በዚያው ሸጦ መጨረስ ይመረጣል፤ ወጪ ቢደረግ እንኳ የሚመለሰው ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ቡና እንጂ አቅራቢው ያስገባው ራሱ ቡና ላይሆን ይችላል። አዲሱን ውል ለመፈራረም የሚመቸው ጊዜ የእሸት ለቀማው በጥቅምት ከመበርታቱ በፊት ነው።

የራሳቸው ማጠቢያ የሌላቸው አርሶ አደሮች በአካባቢያቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሆነው መቅረብ ይችላሉ። መቀመጫውን አጋሮ ያደረገው ካታ ሙዱጋ ዩኒየን የአባል ማኅበራትን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል። አስተማማኝ ላኪ ያላገኘ አቅራቢም ምርት ገበያው አሁንም ክፍት ስለሆነ፣ ለመሸጋገር ሲል ብቻ ያልተጣራ ውል መፈረም አይጠበቅበትም።