ስሟ መዝገብ ላይ ሳለ መቃብሯ የጠፋው ሴት



ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ወደ ዕድራችን ጽሕፈት ቤት ጎራ አለች። አያቷ የዕድራችን አባል የነበሩ፣ ከገጠር በእግራቸው መጥተው እዚሁ ሰፈር ኖረው ያረፉ ሰው ናቸው። የመጡበትን አገርና የአባታቸውን ስም ማወቅ ፈለገች። አሮጌውን መዝገብ አውጥተን፣ አቧራውን አራግፈን ብንገልጥ ያንኑ ስም ሦስት ቦታ አገኘነው፤ ከሦስቱ አንዱም የአባት ስም የለው። የትኛው ይሆኑ የእሷ አያት? ልጅቷ ዝም አለች። እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች በመሆናችን አፈርን።

እሷ ግን ሳትቀየም፣ አሜሪካ የስደተኛ ዘር በኢንተርኔት እንዴት እንደሚፈለግ በስልኳ አሳየችን። ነገሩ ስላስገረመን ከዚያም ወዲህ ልጆቻችንን እያስፈለግን አንብበናል።

ኒውዮርክ ወደብ ላይ ኤሊስ የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. ከ1892 እስከ 1954 በመርከብ የሚመጣ ስደተኛ የሚመረመርባት ጣቢያ ነበረች፤ 12 ሚሊዮን ያህል ሰው አልፎባታል። 1892 ማለት በእኛ 1884 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመቷ። በ1897 ጣቢያው የእንጨት ቤት ነበርና በእሳት ጋየ። ሰው አልሞተም፤ ከ1855 ጀምሮ የተጠራቀመ የስደተኛ መዝገብ ግን አመድ ሆነ። የመርከቦቹ የመንገደኞች ዝርዝር ተርፎ ኖሮ፣ 12,000 ያህል የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ከ1892 እስከ 1924 ያለውን ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡት። 22 ሚሊዮን ስም ነው እኮ! የሰው እጅ ጽሑፍ ማንበብ ምን ዓይነት መከራ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ስም ሲጽፉለት መርከቡን፣ ዕድሜውን፣ የተነሣበትን አገር ያወጣል።

በዚያች ደሴት መጀመሪያ የተመዘገበችው አኒ ሙር የምትባል የአየርላንድ ልጅ ናት። ጥር 1 ቀን 1892 ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ኔቫዳ በምትባል መርከብ ደረሰች፤ ሹሙም የ10 ዶላር ወርቅ ሰጣት። ጋዜጦች ዕድሜዋን 15 ብለው ጻፉ፤ 17 ነበረች። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደገባች ስላልታወቀ፣ ወደ ቴክሳስ ሄዳ በ1923 የከተማ ባቡር ገጭቷት ሞተች የሚል ታሪክ ተወራ። የዚያችም ሴት ዘሮች በክብር እየተጠሩ በየበዓሉ ይገኙ ነበር። ታዲያ ሜጋን ስሞሌንያክ የተባለች የትውልድ ሐረግ አጥኚ መዝገብ ብታገላብጥ፣ የቴክሳሷ ሴት ለካ እዚያው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ የተወለደች ናት! አጥኚዋ በ2006 እውነተኛዋን አኒ ላገኘ 1,000 ዶላር እሰጣለሁ ብላ በኢንተርኔት አስነገረች። በጥቂት ሳምንት ውስጥ የወንድሟ የዜግነት ወረቀት ተገኘ፤ በእሱም ዘሮቿ ተገኙ።

አኒ ከኒውዮርክ አልወጣችም። የጀርመን ስደተኛ ልጅ አግብታ፣ በድሃ ሰፈር 11 ልጆች ወልዳ፣ ግማሽ ያህሉን በሕፃንነታቸው ቀብራ፣ በ1924 በልብ ሕመም ሞተች። ስሟ በዓለም የታወቀ ሴት ካልቫሪ በሚባለው መካነ መቃብር ምልክት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ 80 ዓመት ከምናምን ተኛች። ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው። የቀብር ነገር የሚገደን እኛ ይህን ስናነብ ሆዳችን ተላወሰ።

አንድ ነገር ደግሞ ደስ አሰኝቶናል። ብዙ አሜሪካዊ የአያቴን ስም የደሴቲቱ ጸሐፊ አበላሸው ይላል። እውነቱ ግን ዝርዝሩን የሚጽፈው መርከቡ በተነሣበት ወደብ ያለው የመርከብ ኩባንያ ጸሐፊ ነው፤ የደሴቲቱ ሰው በተጻፈው ላይ እየጠየቀ ያመሳክራል እንጂ ስም አይሰጥም። ስሙን የሚለውጠው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ነው፣ ኋላ ለሥራ እንዲመቸው። እኛ የጽሕፈት ሰዎች ከሐሜት ነፃ ወጣን።

የእኛ ግን ይብሳል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ ስም ከአባቱ ይቀጠላል፣ ባሕር ማዶ ሲሄድ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ይጻፍበታል። በሁለት ትውልድ ውስጥ የወንድማማች የልጅ ልጆች ስማቸው አይገናኝም። በዚያ ላይ ኃይሉን አንዱ በ«ኃ»፣ አንዱ በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ ለሰው አንድ ነው፣ ኮምፒዩተር ግን የለም ይላል። በመዝገባችን አንዱ ባል በስሙ፣ ሚስቱ ደግሞ «የእገሌ እናት» ተብላ ብቻ ተጽፋለች። ሴትዮዋ ስም አልነበራትም ወይ?

ስለሆነም ወጣቶቻችን የአሮጌውን መዝገብ ገጽ ሁሉ በስልክ ፎቶ እያነሡ ነው። የአባትና የአያት ስም፣ የመጡበትንም አገር የሚያውቅ አባል ወርኃዊ መዋጮ ሲከፍል ለጸሐፊው ያስጽፍ፤ የእናቶችም ስም ይጻፍ።

የልጅቷ ጉዳይ ገና አላለቀም። ከሦስቱ ስሞች ባንደኛው ዳር በእርሳስ «የቡልጋው» የሚል ጽሑፍ አግኝተናል። የማን እጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ካለ ይንገረን፤ ለልጅቷ እንጽፍላታለን ብለናል።